ቆሞ ያነበበው ሪደር ሲሄድ ዘለለ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ መጋዘን ሮቦቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደብረ ማርቆስ ሆኜ አነበብኩት። ደስ ይላል። አንዷ ምክር ግን አልተዋጠችልኝም። አርኤፍአይዲ ሪደር (የታግን ቁጥር ሳይነካ በሬዲዮ ሞገድ የሚያነብ መሣሪያ) ስትገዙ ረጅም ርቀት የሚያነበውን ምረጡ ትላለች። እኛ በዚችው ምክር ተበልተናል።

እኔ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነኝ። ከሰፈሬ ሁለት ልጆች ጋር በጤፍና በበቆሎ ጆንያ መሀል የምትዞር ባለ ጎማ ሮቦት እየሠራን ነው። በየረድፉ ወለል ላይ ታግ (የራሱ ቁጥር ያለው ትንሽ ቺፕ ከነሽቦው) ለጥፈናል፣ በላዩ ስታልፍ ቁጥሩን አንብባ የትኛው ረድፍ ላይ እንዳለች እንድታውቅ። ሪደሩን ከአዲስ አበባ ነው ያመጣነው። ሻጩ ካርድ አስጠጋ፣ ጢጥ አለ፣ «10 ሳንቲ ሜትር ያነባል» አለን፣ ከፈልን። ቤትም በእጃችን ስንሞክረው ጢጥ ይላል። ሮቦቷ ላይ ስናስረው ግን ከ10 ጊዜ 7ቱን ዘለለ።

ልጆቹ ተበላሽቷል ብለው ሊመልሱት ነበር። ቁጭ ብለን ስናሰላው ጥፋቱ የእኛ ሆኖ ተገኘ። በ125 ኪሎኸርዝ የሚሠራው የተለመደው ታግ 64 ቢት (0 ወይም 1 የሆነ ምልክት) ይልካል፣ እያንዳንዷ ቢት ደግሞ 64 የሞገድ ዙር ትፈጃለች። ቁጥሩን አንዴ ተናግሮ ለመጨረስ 33 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። በሰከንድ 1 ሜትር የምትሄድ ሮቦት እስከዚያ 3.3 ሳንቲ ሜትር ሄዳለች። ሪደሩ ደግሞ ወሬ መሀል እንደገባ ሰው ነው፣ ከመጀመሪያው እስኪደገምለት ይጠብቃል። ስለዚህ 6.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ታጉ ከሥሩ መቆየት አለበት። የእኛ ሪደር ጥቅል ሽቦ ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር አይሞላም!

በዚያ ላይ ሪደሩን ያሰርነው በቀጥታ ቆርቆሮው ላይ ነበር። ብረት ሞገዱን ይበላዋል። 2 ሳንቲ ሜትር ጣውላ በመሀል አስገባን፣ የቁልፍ መያዣ የምታክለውን ታግ ትተን ሰፋ ያለ ሽቦ ባለው ካርድ ቀየርን፣ ፍጥነቱንም በግማሽ ቀነስን። አሁን ወለሉን በጠመኔ አስምረን እያንዳንዱን ታግ 50 ጊዜ እናሳልፍበታለን፣ ባዶዋንም ተጭናም። ስትጫን ጎማው ይረግብና ሪደሩ ወደ ወለሉ ይጠጋል፣ ንባቡም ይለወጣል። ይሄን ማንም ሻጭ አይነግርህም።

ባለ 13.56 ሜጋኸርዙን ሪደርም ሞክረናል። እሱ እጅግ ፈጣን ነው፣ ርካሹ ግን ከጥቂት ሳንቲ ሜትር አያልፍም። መጀመሪያ እሱም ሲዘልብን ተናደድን፤ ለካ ትንሹ ልጅ ከናሙና የገለበጠው ኮድ ውስጥ «ግማሽ ሰከንድ ጠብቅ» የምትል መስመር ኖራለች። በሰከንድ ግማሽ ሜትር ስትሄድ 25 ሳንቲ ሜትር ዓይኗን ጨፍና እያለፈች ነበር ማለት ነው።

ከ860 እስከ 960 ሜጋኸርዝ ያለው ከብዙ ሜትር ያነባል፣ እናንተም ያመሰገናችሁት እሱን ይመስለኛል። ጆንያ ለመቁጠር ይሁን፣ እሺ። ሮቦት የቆመችበትን ለማወቅ ግን የጎረቤት ረድፍ ታግ ብታነብ ምን ይረባታል? እርጥብ እህልና ብረት አጠገብም ይለግማል።

እና ሌላ ጊዜ ስትጽፉ የንባብ ርቀቱን ብቻ ሳይሆን በምን ፍጥነት እንደተሞከረም ጠይቁልን። ከሪደር ጀርባ የሚነጠፍ ፌራይት (ሞገዱን ከብረቱ የሚከልል ቁስ) ያለው አንባቢ ካለም በጋዜጣችሁ ይጻፍልን፣ ጣውላችን እርጥበት ጠጥቶ ማበጥ ጀምሯል።

ከደብረ ማርቆስ