የታሪክ ክበብ ዘገባ፦ ትሪየር በ10 ሜትር ሲባጎ ላይ

የታሪክ ክበባችን በ2017 የትምህርት ዘመን ያጠናው አንድ ከተማ ብቻ ነው፤ በጀርመን ምዕራብ ጫፍ፣ በሞዘል ወንዝ ዳር ያለውን ትሪየርን። ብዙ ከተሞችን ላይ ላዩን ከመንካት አንዱን እስከ ሥሩ መቆፈር ይሻላል ብለን ነው። ለአባላቱ የቀረበው ጥያቄም አንድ ነበር፦ የከተማው ዕድሜ ስንት ነው? ይህንንስ በምን እናውቃለን? (ከትምህርት ዘመኑ በቀር፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በከተማው የገበያ አደባባይ «ቀዩ ቤት» የሚባል ሕንፃ አለ። ግድግዳው ላይ በላቲን፣ ትሪየር ከሮም በፊት 1300 ዓመት እንደቆመ ተጽፏል። አፈ ታሪኩ የከተማውን ቆርቋሪ ትሬቤታ ይለዋል፤ የአሦር ንጉሥ የኒኖስ ልጅ ነው። ሮም በ753 ከክርስቶስ ልደት በፊት ተመሠረተች በሚለው የተለመደ ቁጥር ብንሄድ፣ ጽሑፉ 2053 ከክርስቶስ ልደት በፊት ላይ ያደርሰናል። በአካባቢው ከሮማውያን በፊትም ሰው ይኖር ነበር፤ ሮማውያን ከተማውን አውጉስታ ትሬቬሮሩም ያሉት በዚያ በነበሩት የትሬቬሪ ሕዝብ ስም ነው። ከተማው ራሱ መቼ እንደተቆረቆረ የሚመሰክረው ግን ወንዙ ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሞዘል ለትላልቅ መርከቦች እንዲያመች ሲቆፈር፣ ከውኃው ሥር የሮማውያን ድልድይ የኦክ እንጨት ችካሎች ወጡ። እንጨት አየር በማያገኝበት ውኃ ውስጥ ሲቀመጥ አይበሰብስም። ወጥቶ ሲደርቅ ግን ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ናሙናው እርጥብ ሳለ ነው የሚወሰደው። ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ በዚህ የቀለበት ቆጠራ የመጀመሪያው ድልድይ እንጨት በ18/17 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ የሁለተኛው በ71 ዓ.ም. እንደተቆረጠ ታወቀ። ሦስተኛው፣ በድንጋይ እግሮች የቆመው፣ ከ144 እስከ 152 ተሠራ። በ1689 የፈረንሳይ ጦር ድልድዩን በባሩድ አፈረሰው፤ ከ1716 እስከ 1718 እንደገና ተሠራ። ዛሬም መኪና የሚያልፈው በሮማውያኑ እግሮች ላይ ነው።

ቆጠራውን ለመረዳት ከሚሊሜትር ወረቀት 1 ሳንቲም ስፋት ያላቸው አራት ቁራጮች ቆረጥን፦ አንዱ ዛሬ የቆመ ዛፍ፣ ሁለቱ የአሮጌ ቤት ወራጆች፣ አራተኛው የድልድይ ችካል። በየቁራጩ 60 ቀለበት ተሣለ፤ ዝናብ በጠፋበት ዓመት ጠባብ፣ በጠገበበት ዓመት ሰፊ። ከዚያ አንዱን በሌላው ጎን እያንሸራተቱ የሚገጥሙበትን ቦታ መፈለግ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ቁራጮቹ የሚጋሩት 8 ቀለበት ብቻ ስለነበር አንዱ ቁራጭ ሁለት ቦታ ላይ ገጠመ፤ ወደ 30 ስናሳድገው አንድ ቦታ ብቻ ቀረ። ሌላው የተለመደ ስሕተት የቀለበቱን ስፋት በሚሊሜትር ማወዳደር ነው። ሁለት ዛፎች በአንድ ዓመት እኩል አይወፍሩም፤ የሚወዳደረው ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። ከልጡ ሥር ያለው የመጨረሻው ቀለበት ከተጠረበ ደግሞ «ከዚህ ዓመት በኋላ» ከማለት በቀር የተቆረጠበትን ዓመት መናገር አይቻልም። ልጡ ካለ ወቅቱ ሳይቀር ይታወቃል። አባላት ያመጡት የባሕር ዛፍ ጉማጅ አልተቆጠረም፤ ቀለበቱ በግልጽ አይለይም።

ዓመታቱን የዘረጋነው በቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር ላይ በሲባጎ፣ 1 ሳንቲም ለ2 ዓመት አድርገን፣ ለየክስተቱ ካርድ እየሰቀልን ነው። ከ17 ከክርስቶስ ልደት በፊት እስከ 2025 ድረስ 2041 ዓመት ነው፤ ሲባጎው 10 ሜትር ከ20.5 ሳንቲም ሆነ። አብዛኛው ሰው 2042 ይላል፤ ዜሮ ዓመት የለም፣ ከ1 ከክርስቶስ ልደት በፊት ቀጥሎ 1 ዓ.ም. ነውና አንድ መቀነስ አለበት። ካርዶቹን ከቀደመው ካርድ ተነሥቶ መለካትም ያሳስታል፤ ትንንሾቹ ስሕተቶች ተደማምረው መጨረሻ ላይ 4 ሳንቲም ደረሱ፤ ይህም 8 ዓመት ማለት ነው። ሁሉም ከመነሻው መለካት አለበት። ሲባጎውም ከመለካቱ በፊት ይወጠር፤ ላልቶ ተለክቶ በኋላ ሲወጠር ይረዝማል። ትሬቤታን እንጨምር ቢባል ከመነሻው ወደ ኋላ ሌላ 10 ሜትር ከ18 ሳንቲም ሲባጎ ያስፈልጋል፤ ያን ያህል ርዝመት ላይ የሚሰቀል አንድም የከተማ ማስረጃ የለም።

93 ሳንቲም ላይ የሮማውያን የከተማ በር የሆነው ፖርታ ኒግራ፣ «ጥቁሩ በር»፣ ተሰቅሏል። ከመሠረቱ የተገኘው እንጨት በ169/170 ክረምት እንደተቆረጠ በ2018 ተገለጸ፤ ከዚያ በፊት ሊቃውንቱ በግምት ይከራከሩ ነበር። ድንጋዩ ሲጠረብ ጥቁር አልነበረም፣ በዘመናት ጠቆረ። የተያያዘው ያለ ጭቃና ያለ ኖራ፣ እርሳስ በፈሰሰበት የብረት ማያያዣ ነው። በመካከለኛው ዘመን ብረቱንና እርሳሱን ፈልፍለው ወሰዱ፤ ጉድጓዶቹ እስከ ዛሬ ይታያሉ። ሕንፃው ራሱ ለድንጋይ ሲባል ከመፍረስ የዳነው በአንድ መነኩሴ ምክንያት ነው። ግሪካዊው ስምዖን በአንዱ ግንብ ውስጥ በዓቱን ዘግቶ ኖሮ በ1035 ዐረፈ፤ በሩም በስሙ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በ1804 ናፖሊዮን የቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ተነሥቶ በሩ ወደ ሮማዊ መልኩ እንዲመለስ አዘዘ።

የቆስጠንጢኖስን ዘመን አባላቱ ያለ ማስተማሪያ ያውቁታል፤ ንጉሡ በትሪየር ቤተ መንግሥት ተቀምጧል፣ እናቱም የመስቀል በዓላችን እሌኒ ናት። ብዙዎች ያልሰሙት የአትናቴዎስን ነው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ በ335 ቆስጠንጢኖስ ያጋዘው ወደ ትሪየር ነበር፤ ንጉሡ በ337 እስኪሞት እዚያው ቆየ። ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው ይኸው አትናቴዎስ ነው። ካርዱ 1 ሜትር ከ75.5 ሳንቲም ላይ ነው፤ ከጥቁሩ በር 82.5 ሳንቲም አልፎ።