የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን በዚህ የትምህርት ዘመን እንደ ወትሮው ብዙ ሥራ አልጀመረም፤ አንድ ሥራ ብቻ ይዞ ዓመቱን ዘልቋል። ሥራውም ከእንሰት ቡላና ከቃጫ፣ እጅግ ደቃቅ የሆነ የሸክላ አፈር እየጨመሩ፣ ቀላልና ውስጡ በቀዳዳ የተሞላ ቁስ መሥራት ነው። ርዕሱን የመረጡት የ11ኛ ክፍል አባላት ናቸው። በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሰው አዲስ ቤት በገባ ቁጥር የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ማሸጊያ ነጭ ፎም በየቦዩ ተጥሎ ይታያል፤ ይህ ፎም ከነዳጅ ውጤቶች የሚሠራ ፖሊስታይሪን በመሆኑ በቀላሉ አይበሰብስም፤ ልጆቹም እንዲህ ያለ ነገር ከዕፅዋት ሊሠራ አይችልም ወይ ብለው ጠየቁ።

ጥያቄው የቆየ ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ሳሙኤል ኪስለር እ.ኤ.አ. በ1931 ኤሮጄል የተባለውን ቁስ (ፈሳሹ በአየር የተተካ ጄል ነው፤ ጄል ማለት ፈሳሽ ቋጥሮ የረጋ ነገር ነው) ለዓለም ሲያስተዋውቅ ከሲሊካ (የአሸዋ ዋና ቁስ) ሌላ ከጄላቲንና አጋር ከሚባለው የባሕር አረም ውጤት ጭምር መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። የእርሱ ዋና ችግር የእኛም ዋና ችግር ሆኖ ቆይቷል፤ ጄል ማዘጋጀት ቀላል ነው፣ ውሃውን ግን ቅርጹ ሳይፈርስ እንዴት ማስወጣት ይቻላል?

በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 8 ግራም ደረቅ የቡላ ዱቄት በጥብጠን ስናፈላ ወፍራም ጄል ይሆናል። ይህን ጄል ፀሐይ ላይ ያሰጣነው እንደሆነ ተሸብሽቦ እንደ ቀንድ የጠነከረ ቁራጭ ይወጣዋል፤ ምክንያቱም ውሃው በሚተንበት ጊዜ የገጽ ውጥረቱ (የፈሳሹን ገጽ የሚያኮማትረው ኃይል) የቀዳዳዎቹን ግድግዳ እርስ በርሱ ስቦ ያጣብቀዋል። ስለዚህ ጄሉን በድልህ ቆርቆሮ አድርገን በመምህራን ላውንጅ ፍሪዘር አቀዘቀዝነው፤ በረዶው ሲያድግ የቡላውን ስታርች ወደ ጎን እየገፋ ግድግዳ ያበጅለታል። በረዶውን በአልኮል ውስጥ አሟሟነው፤ አልኮሉን ደጋግመን ከለወጥን በኋላም በጥላ አደረቅነው። የውሃ የገጽ ውጥረት በሜትር 72 ሚሊኒውተን ገደማ ሲሆን የኤታኖል 22 ገደማ ነው፤ ግድግዳው የሚተርፈው በዚህ ልዩነት ነው። በረዶውን ሳያቀልጥ በቀጥታ ወደ ተን የሚለውጠው የቫክዩም ማድረቂያ ቢኖረን ኖሮ የአልኮሉ ወጪ ባልከበደን ነበር።

በመጀመሪያው ሴሚስተር መጨረሻ አንዱን ቁራጭ በምላጭ ሰንጥቀን በእጅ ሌንስ ስናየው ከቆርቆሮው ግድግዳ ወደ መሐሉ የሚሮጡ ቀጫጭን መስመሮች ታዩን፤ የበረዶው መንገድ እንዳለ ቀርቷል። አንዲት ተማሪ «የእንጀራ ዓይን ይመስላል» አለች። መምሰሉን ይመስላል፤ ነገር ግን የእንጀራን ዓይን የሚከፍተው ጋዝ ነው፣ የእኛን በረዶ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የቀለጠው እንደገና ቀስ እያለ ስለሚቀዘቅዝ የበረዶው ቅንጣት ይተልቃል፤ እንዲህ የሆኑት ቁራጮች ቀዳዳቸው ሰፊና በእጅ የሚፈረፈር ነበር።

ለማጠናከሪያ ሁለት ነገር ጨመርን። ቃጫውን የቤተ ሙከራ ባለሙያው በኮስቲክ ሶዳ ቀቅለው፣ በበረኪና አንጥተው፣ በሚገባ አጥበው ሰጡን (ተማሪዎች ወደዚህ ሥራ እንዲቀርቡ አልተፈቀደም)፤ የቀረው በአብዛኛው ሴሉሎስ፣ ማለትም የዕፅዋት ጭረት የተሠራበት ቁስ ነው። ሁለተኛው ቤንቶናይት ነው፤ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች የሚጠቀሙበትን ይህን የሸክላ ዱቄት በቁፋሮ ሥራ የሚተዳደሩ አንድ ወላጅ በፌስታል አመጡልን። ውሃ ውስጥ ሲያድር ያብጥና ወደ ንጣፎች ይለያያል፤ የአንዱ ንጣፍ ውፍረት 1 ናኖ ሜትር፣ ማለትም የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ገደማ ነው። ጥቂት ግራም ዱቄት እጅግ ሰፊ ገጽ ስላለው ትንሹ ብዙ ይሠራል። በቡላ ብቻ የተሠራው ቁራጭ እሳት ሲነካው ቦግ ብሎ ተቃጠለ፤ ቤንቶናይት ያለበት ግን ጠርዙ ከስሎ ቅርጹን እንደያዘ ቆየ። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ውጤት ይህ ነው።

ከሒሳቡ እንደምንረዳው ጄሉ ሳይሸበሸብ ቢደርቅ ከያዘው ቦታ 95 በመቶው ባዶ ይሆን ነበር፤ የእኛ ግን ጥቂት ስለሚሸበሸብ ከዚያ ያነሰ ነው። ቀዳዳዎቹ በዓይን የሚታዩ በመሆናቸውም በኤግዚቢሽኑ ላይ ኤሮጄል ብለን አላቀረብነውም፤ የኤሮጄል ቀዳዳ የአየር ሞለኪውል ሳይጋጭ ከሚጓዘው ርቀት፣ ይኸውም ከ70 ናኖ ሜትር ገደማ፣ ባብዛኛው ያነሰ ነው፤ ሙቀትን የሚያግደውም ይኸው ነው። የሞቀ ውሃ በያዙ ጣሳዎች ስናነጻጽርም የማሸጊያው ፎም ከእኛ የተሻለ ሙቀት ይዟል።

ክረምቱ ሲገባ ሌላ ጉድለት ታየ፤ ስታርች እርጥበት ስለሚስብ በመደርደሪያ የተቀመጡት ቁራጮች ለሰሱ። ሰም መቀባት ውሃውን ቢከለክልም ክብደት ጨመረ። አባላቱ በመጪው ዓመት የቡላውን መጠን ቀንሰው የቃጫውን ሊያበዙ አስበዋል፤ ለዚህም የግራም መቶኛ የሚለካ ሚዛን እንዲገዛ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አመልክተናል። የተረፈው ቤንቶናይትና የልኬት መዝገቡ በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ተቆልፎባቸዋል፤ ቁልፉ በባለሙያው እጅ ነው።