ከታይሰን በላይ ማን አለ ላሉኝ አባቴ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን የምታነብልዎት የእህቴ ልጅ ናትና ቀስ ብላ ታንብብ። የቦክሰኞቹ ስም ካስቸገራት ዘላው ትለፍ፤ እርስዎ ያውቋቸዋል።

ባለፈው በስልክ "ከታይሰን በላይ ታላቅ ቦክሰኛ ካለ ጥሪልኝ" እንዳሉኝ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ዘጋችብኝ ብለው እንዳኮረፉ እማዬ ነገረችኝ። ኧረ እኔ አልዘጋሁም አባባ። መልሴን ግን በወረቀት ማድረግ ይሻላል፤ በስልክ ሲሆን አያስጨርሱኝም።

ታይሰንን እንደማልጠላው ያውቃሉ። ደብረ ማርቆስ ቪዲዮ ቤት ይዘውኝ የገቡት እርስዎ ነዎት። "ሴት ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች?" ሲሉዎት "ሒሳቧን ከፍያለሁ" ብለው አጠገብዎ አስቀመጡኝ። የታይሰንና የስፒንክስ ግጥሚያ ነበር። በ91 ሰከንድ አለቀ። ሻይ ያዘዘው ሰው ሻዩ ሳይመጣለት ስፒንክስ ተዘርሯል። ገንዘባችን ይመለስ ተብሎ ጩኸት ሆነ። ባለቤቱ ካሴቱን ሦስት ጊዜ እያጠነጠነ አሳየንና ተገላገለ። እርስዎ መንገዱን ሙሉ ሲስቁ ነበር። እኔም ያን ቀን የታይሰን ወገን ሆንኩ።

የሠራውን አልክድም። ኅዳር 1979 ትሬቨር በርቢክን በሁለተኛው ዙር ሲጥል ዕድሜው 20 ዓመት ከ4 ወር ነበር። በዚያ ዕድሜ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነ ሌላ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ተጋጣሚዎቹ ገና ደወሉ ሳይደወል ፊታቸው ይገረጣ ነበር።

ከዚያ የካቲት 1982 መጣ። ቶኪዮ። ተጋጣሚው ዳግላስ ያሸንፋል ብሎ አንድ ብር ላስያዘ 42 ብር ይከፈል ነበር፤ ይህን ያህል ነው የናቁት። ሰውየው እናቱን ከቀበረ ገና ወር አልሞላውም። ታይሰን ደግሞ ከልጅነቱ ያሳደገው አሰልጣኙ ከሞተ ቆይቷል፤ ከዚያ በኋላ ያሠለጠነውን ኬቨን ሩኒንም ራሱ አባሮታል። በዚያ ምሽት ዓይኑ ሲያብጥ ረዳቶቹ እብጠቱን መጫኛ ብረት እንኳ አልያዙም። የላስቲክ ጓንት ውስጥ በረዶ ውኃ ሞልተው ያዙለት። የዓለም ሻምፒዮን እኮ ነው! በአሥረኛው ዙር ወደቀ፣ በአራት እግሩ እየዳኸ የጥርስ መከላከያውን ሲፈልግ ዳኛው አስቆመው።

አሁን "በስምንተኛው ዙር ታይሰን ዳግላስን ሲጥለው ዳኛው ዘግይቶ ቆጠረለት" ይሉኛል። አውቄዋለሁ። ቦክሰኛ ግን የሚሰማው የዳኛውን ቆጠራ እንጂ የሰዓቱን አይደለም። ዳግላስ ዘጠኝ ሲባል ቆሟል።

መሸነፉ አይደለም ነገሬ። ያልተሸነፈ ስንት አለ። የጋሼን በሬ ያስታውሱታል? ልጆቹ ታይሰን ያሉትን? ያገኘውን በሬ ሁሉ ይገፋ ነበር። አንድ ቀን የጎረቤት ዳልቻ በሬ ገፍቶ ገፍቶ ገደል አፋፍ አደረሰው። ከዚያ ወዲያ ዳልቻውን ከሩቅ ሲያይ ሣሩን ጥሎ ወደ ቤት ይመለሳል። እርስዎ "ጉልበት እንጂ ወኔ የለውም፣ ይሸጥ" አሉ። ስሙን ያወጡለት ልጆች ቶኪዮን ገና አላዩም ነበር።

ታይሰን በሕይወቱ ወድቆ ተነስቶ ያሸነፈው ግጥሚያ አንድም የለም። ዳግላስን ዳግመኛ አልገጠመውም። (ዳግላስም ቢሆን በስምንት ወሩ ሆሊፊልድ ዘርሮታል፤ ቀበቶውን ያገኘ ሁሉ ታላቅ አይባልም።) ሆሊፊልድን ግን አንዴ ከተሸነፈለት በኋላ ደግሞ የመግጠም ዕድል አገኘ። ሰኔ 1989 ላይ ምን አደረገ? ጆሮውን ነከሰ። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ።

እርስዎ "እንቅልፋሙ" የሚሉትን ሌኖክስ ሌዊስን ይዩልኝ። መስከረም 1987 ለንደን ላይ ማክኮል በሁለተኛው ዙር ዘረረው። ሌዊስ በ1989 ደግሞ ገጠመው፤ ማክኮል መሀል ሪንግ ላይ እያለቀሰ አልማታም አለና ግጥሚያው ቆመ። ሚያዝያ 1993 ደቡብ አፍሪካ ላይ ራህማን ጣለው። በዚያው ዓመት ኅዳር ሳያልፍ ራህማንን በአራተኛው ዙር አጋደመው። ቆይ፣ ዘመን ተሳሳትኩ፤ ኅዳር 1994 ነው፣ ሰባት ወር ያህል። ከሆሊፊልድ ጋር አቻ ሲወጣም ደግሞ ገጥሞ አሸነፈ። በመጨረሻ ታይሰንን ሰኔ 1994 ሜምፊስ ላይ በስምንተኛው ዙር ዘረረ። "ታይሰን ያኔ አርጅቶ ነበር" እንዳይሉኝ፤ ሌዊስ በአሥር ወር ገደማ ይበልጠዋል! 44 ጊዜ ገጥሞ ሁለት ጊዜ ተሸነፈ፣ ሁለቱንም መለሰ፣ በ1996 ጓንቱን ሰቀለ። ታላቅ የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

አንድ ነገር በስልክ አፍሬ ሳልነግርዎት የቀረ አለ። ታይሰን በ1984 የ18 ዓመት ልጅ በመድፈር ተፈርዶበት ሦስት ዓመት ያህል ታስሯል። እሱ አላደረግኩም ይላል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ጥፋተኛ ብሎታል። ያ ከሪንግ ውጭ ነው ይበሉኝ። እኔ የሁለት ሴት ልጆች እናት ነኝ አባባ። "ታላቅ" ልለው ስል ቃሉ ይተናነቀኛል። በቦክሱ ብቻ ብመዝነውም እንኳ የሚጎድለውን ነግሬዎታለሁ፤ ይህንን ደግሞ ልተወው አልቻልኩም።

ኅዳር 2017 ላይ በ58 ዓመቱ ተመልሶ ከአንድ የ27 ዓመት ጎረምሳ ጋር ሲገጥም አየሁት። እግሩ አልታዘዝ ብሎት ነበር። ጓንቱን በጥርሱ ሲነካከስ ሳይ ግን፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ሆዴ ተላወሰ። ቪዲዮ ቤቱ ትዝ አለኝ።

ስለዚህ እንዲህ እንስማማ። ለሦስት አራት ዓመት በምድር ላይ ከእሱ የሚያስፈራ ቦክሰኛ አልነበረም። አስፈሪ ይበሉት፣ እፈርማለሁ።

የስኳር መድኃኒቱን ከደብዳቤው ጋር ልኬአለሁ፤ ጠዋት ከምግብ በኋላ ነው፣ እማዬ እንዳታስረሳዎ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። መልስዎን በዚሁ ወረቀት ጀርባ ያስጽፉልኝ። ስለ ሌዊስ አሰልቺነት ግን አያስጽፉ፤ እሱን እኔም አውቀዋለሁ።

ልጅዎ