ደንገል ማሰር ማሰብ አይጠይቅም ያለው ማነው?

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) እንደ ሰው ሁሉንም ነገር የሚችል አሳቢ ለመሆን የሮቦት አካል ያስፈልገው እንደሆነ ጽፋችኋል። ዘጋቢያችሁ «አያስፈልገውም» ብሎ ደመደመ። ይደምድም፣ መብቱ ነው። እኔን ያንገበገበችኝ ከፎቶው ሥር ያለችው መስመር ናት፦ «እንደ ታንኳ መሥራት ያለ፣ ማሰብ የማይጠይቅ የጉልበት ሥራ»።

ፎቶው ላይ ያለው ሰው አባቴ ነው። ጣና ዳር የታንኳ መሥሪያውን ተክል፣ ደንገል፣ ሲያስር ነው ያነሳችሁት። ስሙን አልጠየቃችሁም። ፈቃዱንም እንዲሁ። ጋዜጣውን ሳሳየው ፎቶውን ወደደው። ጽሑፉን አላነበብኩለትም።

ማሰብ የማይጠይቅ! ደንገሉ በደንብ ካልደረቀ ታንኳው ይከብዳል። ከልክ በላይ ከደረቀ ደግሞ ሲታጠፍ ይሰበራል። ማሰሪያው ከላላ ማዕበል ይፈታዋል። አባቴ ይህን ሁሉ በመሣሪያ አይለካም። በመዳፉ ጨበጥ ያደርግና «ይሄ ገና ነው» ይላል። በምን አወቅህ ስለው «አታየውም እንዴ?» ይለኛል። አላየውም። ዲግሪ አለኝ፣ ግን አላየውም።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። ዘጋቢው እ.ኤ.አ. በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን በቼዝ ሲያሸንፍ እጅ አላስፈለገውም ይላል። አስፈልጎታል እንጂ! ሰሌዳው ፊት ተቀምጦ ጠጠሩን የሚያንቀሳቅስለት ሰው ነበር። በ2016 ሴኡል ላይ አልፋጎ የተባለው የኤአይ ፕሮግራም ኮሪያዊውን ሊ ሴዶልን «ጎ» በሚባለው የሰሌዳ ጨዋታ ሲረታም የጨዋታውን ድንጋይ ያስቀመጠለት የሰው እጅ ነው። ጠጠር ማንሳት ደግሞ ምን ሥራ ሆኖ ነው ትሉ ይሆናል። ጉዱ እሱ ላይ ነው። የሮቦት ተመራማሪው ሃንስ ሞራቬክ በ1988 እንደጻፈው፣ ኮምፒውተርን እንደ አዋቂ ሰው ዳማ ማጫወት ከሌላው አንጻር ይቀላል፤ የአንድ ዓመት ሕፃን የሚያይበትንና የሚንቀሳቀስበትን ችሎታ መስጠት ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ማሽኑን ያስቸገረው ዘጋቢያችሁ የናቀው ዓይነት ሥራ ነው።

የኤአይ ኩባንያው ኦፕንኤአይ በ2021 የሮቦት ቡድኑን መበተኑ ሲታወቅ፣ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ማሽኑ የሚማርበት ዳታ እጥረት ነበር። ጽሑፍማ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። የአባቴ መዳፍ የሚያውቀውን ግን ማን ጻፈው? እናንተ እንኳ ደጁ ድረስ መጥታችሁ አልጻፋችሁትም።

ሐቁን ለመናገር፣ ምናልባት አካል ላያስፈልግ ይችላል። አልፋፎልድ የተባለው የኤአይ ፕሮግራም የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብየው ያለ እጅ ነው፤ ከሠሪዎቹ ሁለቱ በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተጋርተዋል። የተማረባቸው ቅርጾች ግን ሳይንቲስቶች ለአሥርተ ዓመታት ላቦራቶሪ ውስጥ ለፍተው ያገኟቸው ናቸው። እና «አካል አያስፈልግም» የሚል ሰው ሌላ ማስረጃ ያምጣ። የእጅ ሥራ አእምሮ አይፈልግም በሚል ግን አይሆንም።

ድሮ ባለ እጁን ቡዳ ይሉት ነበር። አሁን በሠለጠነ አማርኛ፣ ያውም በቴክኖሎጂ አምድ ላይ፣ «ማሰብ የማይጠይቅ» ተባለ። መሻሻል ነው መቼም።

የፎቶው መግለጫ ይታረም። የአባቴም ስም ይጻፍ፤ ደውላችሁ ብትጠይቁት ይነግራችኋል። ዘጋቢው ካላመነ ይምጣና አንድ ታንኳ ይሥራ፣ ራሱ በሠራውም ጣና ላይ ይውጣ። ጠዋት ቢሆን ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለ። ዋና መቻል አለመቻሉንም አስቀድሞ ቢነግረን ጥሩ ነው።

የታንኳ ሠሪው ልጅ
ከባሕር ዳር