ሺ እግር ላይ መድኃኒት ከመርጨታችን በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ክረምት ሲገባ ቤት የሚገባውን ሺ እግር በፀረ ተባይ ስለማጥፋት በግብርና አምዳችሁ ያወጣችሁትን ምክር አነበብኩ። የምጽፈው ከቦንጋ ነው፤ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጎረቤቴ ምክሩን አንብቦ መርጫውን በጀርባው አዝሎ ሲመጣ ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ።

ምክሩን የጻፈው ሰው ሺ እግርን ከመቶ እግር ጋር ሳያቀላቅለው አልቀረም። የሚነክሰው መቶ እግር ነው። እሱ በእያንዳንዱ የአካሉ ቀለበት አንድ ጥንድ እግር ብቻ አለው፤ ሩጫውም ሌላ ነው። ሺ እግር በአብዛኛው ቀለበቱ ላይ ሁለት ሁለት ጥንድ አለው፣ ዝግ ብሎ ይሄዳል፣ የወደቀና የበሰበሰ ቅጠል ይበላል። የቡናችንን ሥር አፈር ከሚያለሙልን አንዱ እሱ ነው። ሲነኩት ይጠቀለላል። አንዳንዱ ዓይን የሚያቃጥል ፈሳሽ ስለሚያወጣ ልጆች ከነኩት እጃቸውን ይታጠቡ። ቤት የገባውን በመጥረጊያ ማውጣት ይበቃል።

ግን የጻፍኩት ለዚህ ብቻ አይደለም። «ሺ እግር» ብላችሁ ያለፋችሁት የትኛውን ነው? በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው ዝርያዎች 12,000 ገደማ ናቸው። ገና ስም የሚጠብቀው ደግሞ ብዙ ነው። በቀለም እንዳትለዩት፣ ቀለም ያታልላል። በአብዛኞቹ ሺ እግሮች ወንዱ ሰባተኛው ቀለበት ላይ ያሉት እግሮች ለመራቢያ ሲሉ ቅርጻቸው ተለውጧል። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ የሚያየው እዚያ ነው። ሴቷንና ግልገሉን ይዞ የሚመጣ ተማሪ ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም፤ የኔዎቹ በዚህ በጣም ይናደዳሉ።

እያንዳንዱ ሺ እግር የተገኘበትን ቦታ መመዝገብስ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። የአውስትራሊያዋን ደሴት ታዝማኒያን እዩ። ቦብ ሜሲቦቭ የተባለ ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ለሁለት ዘመዳሞች ሺ እግሮች ስም አወጣ። በዓመቱ ደግሞ በሰሜን ምዕራብ የደሴቲቱ ክፍል የሚገናኙበትን ድንበር በካርታ አስቀመጠ። ድንበሩ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በደንብ በተጠናበት ቦታ ስፋቱ 100 ሜትር ገደማ ነው፤ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ማለት ነው። ወዲህ ማዶ አንዱ፣ ወዲያ ማዶ ሌላው። ከባሕር ጠርዝ ተነስቶ እስከ 600 እና 700 ሜትር ከፍታ ይወጣል፣ ወንዞችን ያቋርጣል፣ የድንጋዩ ዓይነት ሲቀየርም ግድ አይሰጠውም። ይህ ሁሉ የታወቀው እያንዳንዱ ናሙና ከየት እንደተነሳ በትክክል ስለተጻፈ ነው።

ለዕፅዋታችን ይህን ዓይነት ሥራ ሠርተናል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ በ1980 ተጀምሮ በ2009 በስምንት ቅጽ ተጠናቀቀ (ይኸውም በአውሮፓውያን ነው)። ደን ሲጠና ዛፉ፣ ወፉና ዝንጀሮው ይቆጠራል፤ ቅጠል ሥር ያለው ግን ይታለፋል። ሺ እግር አይበርም፣ ሩቅም አይሄድም። አንዱ ዝርያ በአንድ ተራራ ብቻ ሊወሰን ይችላል። እንዲህ ያለው ደኑ ሲመነጠር ስም ሳይወጣለት ያልቃል።

ትምህርት ቤቶች መጀመር ይችላሉ። የሚያስፈልገው ክዳኑ የሚገጥም ብልቃጥ፣ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮልና እርሳስ ነው። እስክሪብቶ አይሆንም፣ ቀለሙ አልኮሉ ውስጥ ይሟሟል። ወረቀቱ ላይ ቀኑ፣ የቀበሌው ስም፣ ከፍታውና ከስልክ የተወሰደው የጂፒኤስ ቁጥር ተጽፎ ብልቃጡ ውስጥ ይገባል። ከላይ የተለጠፈ ወረቀት ይወድቃልና አትመኑት። ከጎጀብ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ያሉ ትምህርት ቤቶች በአንድ ክረምት ቢሰበስቡ ለካርታ የሚሆን ነገር ይገኛል።

እናንተ ደግሞ አንድ ነገር አድርጉልን። አራት ኪሎ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም ጠይቃችሁ፣ ከክፍለ ሀገር የሚላክ ናሙና በምን መንገድ እንደሚቀበል ጻፉልን። የማጓጓዣውን እኛ እንችላለን።

አንዲት የባዮሎጂ መምህርት
ከቦንጋ