ለ3ኛ እና ለ4ኛ ክፍል ወላጆች፦ የእንግሊዝኛው ደብተር ለምን ባዶ ሆነ?

ውድ ወላጆች፣ ጤና ይስጥልን።

ሰሞኑን የሚደርሰኝ ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። «ልጄ እንግሊዝኛ ተማርኩ ይላል፣ ደብተሩ ላይ ምንም የለም፣ ሱሪው ግን አፈር በአፈር ሆኗል።» እውነታችሁን ነው። የዚህ ወር ትምህርት የመዝለልና የመቦረቅ ቃላት ስለሆነ ሜዳ ወጥተናል፣ እስከ ወሩ መጨረሻም እዚያው ነን።

ምክንያቱን ላስረዳ። ጀምፕ፣ ሆፕ፣ ስኪፕ፣ ሊፕ የሚሉትን ልጁ ደብተሩ ላይ ቢገለብጥ፣ ከአራቱም ፊት ለፊት የሚጽፈው ያው «መዝለል» ነው። ምን አተረፈ? ሜዳ ላይ ግን ልዩነቱን እግሩ ይነግረዋል። ጀምፕ ማንኛውም ዝላይ ነው። ሆፕ ሰው ሲያደርገው በአንድ እግር እንጣጥ ማለት ነው፣ ወፍ ስታደርገው ግን ሁለቱንም እግሯን አጣምራ ነው። ስኪፕ አንዴ መራመድ፣ አንዴ እንጣጥ ማለት፣ ከዚያ እግር መቀየር ነው፤ ደስ ያለው ልጅ ሱቅ ሲላክ እንደሚሄደው ዓይነት። እንግሊዞች የገመድ ዝላይንም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ሊፕ ቦይ ለመሻገር እንደምንዘለው ረዘም ያለ ዝላይ ነው።

የስፖርት መምህራችን ሱሉስ ዝላይን ያሳያቸው ለዚህ ነው። የጥንቱ የእንግሊዝኛ ስሙ «ሆፕ፣ ስቴፕ ኤንድ ጀምፕ» ነው። መጀመሪያ በተነሱበት እግር ያርፋሉ፣ ቀጥሎ በሌላኛው፣ በመጨረሻ አሸዋው ላይ። ሦስቱን ቃላት ማንም ሳያስረዳቸው ለዩዋቸው። ሰኞ ማክሰኞም ገብቷል፤ በእንግሊዝኛ ሆፕስኮች ይባላል። ስኮች የሚለው ከስኮትላንድ ጋር አይገናኝም፣ መሬት ላይ የተጫረ መስመር ማለት ነው። እና ግቢያችሁ ውስጥ በጠመኔ የተሰመረ ሳጥን ብታዩ የቤት ሥራ ነው፣ አትቆጡ።

አሁን ደግሞ ወደ ከበዱት እየገባን ነው። ፍሮሊክ መቦረቅ ነው፤ ከደች ቋንቋ የመጣ ሲሆን እዚያ «ደስተኛ» ማለት ነው። ሮምፕ ጫጫታና ልፊያ ያለበት ጨዋታ ነው፣ የእረፍት ሰዓታችን በሙሉ ማለት ይቻላል። ፕራንስ ፈረስ እግሩን ከፍ ከፍ እያደረገ ሲረግጥ ነው፣ ለሰው ሲባል ግን ትንሽ ጉራ አለበት። ፍሪስክ መፈንጨት ነው፣ ግን በር ላይ ዘበኛው ኪሳችንን ሲዳብስ የሚደረገውም ፍተሻ ፍሪስክ ነው። ጋምቦል ግልገል ጠቦት እንደምትዘለው ነው፣ ጣሊያኖች እግርን ጋምባ ከሚሉት የመጣ። ችግሩ ቁማር ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አነባበቡ አንድ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ «ቲቸር ዛሬ ጋምቦል አስተማረችን» ቢላችሁ ወደ ቢሮ አትሩጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። «ፈነጨ» ምን እንደሆነ የሚያውቁ ልጆች ጥቂት ናቸው። በእርግጥ የከተማ ልጅ ጥጃ ስትፈነጭ የት አይቶ! ግን በአማርኛ ያልገባውን በእንግሊዝኛ ብናስሸመድደው ዋጋ የለውም። ቤት ውስጥ አያት ካሉ ቦረቀን፣ ፈነጨን፣ ፈነደቀን ይለዩላቸው። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ከመምህር በላይ ያውቃል።

ዘዴው የእኛ ፈጠራ አይደለም። ጄምስ አሸር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስፋፉት ነው። መምህሩ ያዛል፣ ልጁ በሰውነቱ ይታዘዛል፣ መናገሩ በኋላ ይመጣል። ዝምተኞቹ ልጆች የተጠቀሙትን ያህል ጎበዝ ተናጋሪዎቹ አልተጠቀሙም፣ እኔ ያየሁት ይህንን ነው። ይህ ዘዴ ለሁሉም ነገር ይሠራል አልልም። ሰዋስው ሲመጣ ወደ ደብተር እንመለሳለን።

ፈተናውም ሜዳ ላይ ነው፣ ዓርብ ጠዋት። መምህርቷ ቃሉን ትጠራለች፣ ልጁ ያደርገዋል፣ ከዚያ እሱ ይጠራና ጓደኛው ያደርጋል። እባካችሁ የቃላት ዝርዝር አታስሸምድዱ። ስኒከር ይልበሱ፣ ክፍት ጫማ አይሆንም። እግሩን ያመመው ወይም ሐኪም ሩጫ የከለከለው ልጅ ካለ እስከ ረቡዕ ለክፍል ኃላፊው ንገሩ፤ ልጁ ቃል ጠሪ ይሆናል፣ ነጥቡም እኩል ነው።

ከአክብሮት ጋር
ርዕሰ መምህር