ተወካይ ወይስ ተላላኪ?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

አዲስ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚገቡበት ወቅት ከድሬዳዋ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄዱትና ከሌላ ከተማ ወደ ድሬዳዋ የሚመጡት ወጣቶች ሻንጣና ብርድ ልብስ ተሸክመው በመናኸሪያው ሲተላለፉ (ወደ እኛ የሚመጡት ብርድ ልብሱን በከንቱ ይሸከማሉ) ባየሁ ቁጥር፣ ከእነዚህ መካከል በመጀመሪያው የትምህርት ቀን የክፍል ተወካይ የሚባለው ማን ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

እኔም በዚያ ቀን ተወካይ ተብያለሁ። ከድሬዳዋ ርቆ በሚገኝ፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ ዩኒቨርሲቲ፣ መምህሩ ገብቶ «ተወካይ ምረጡ» ሲለን እርስ በርሳችን በስም እንኳ አንተዋወቅም ነበር፤ ከፊት ወንበር በመቀመጤና ሰላምታውን ጮክ ብዬ በመመለሴ ጣት ሁሉ ወደ እኔ ተቀሰረ። ከዚያ በኋላ የመምህራንን ጽሑፍ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኩ፣ ፕሮጀክተር ተበድሬ መለስኩ፣ የቀረ ክፍለ ጊዜ መቼ እንደሚካካስ በስልክ ለመንኩ፣ ውጤት ሲለጠፍ በቴሌግራም አሳወቅኩ። ይህን ሥራ አልንቀውም፤ አንድ ሰው ካልሠራው ክፍሉ ይቆማል። ነገር ግን የተላላኪ ሥራ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት እውነተኛ የውክልና ዕድል መጣ። አስተዳደሩ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ የማታ ሰዓት ሊመክር ተወካዮችን ጠራ፤ የቀረበውም ሐሳብ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት የነበረው ቤተ መጻሕፍት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንዲዘጋ ነበር። «ተማሪው ምን ይላል?» ተብዬ ስጠየቅ፣ ማንንም ሳላማክር መምጣቴን መናገር አሳፍሮኝ፣ «የሚቃወም አይመስለኝም» አልኩ። በቃለ ጉባኤው ላይ «የተማሪ ተወካዮች ተስማምተዋል» ተብሎ ሰፈረ። ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግሥት፣ ስምንት ሆነው በሚያድሩበት ዶርም ማንበብ የማይችሉት ጓደኞቼ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ማን ላከህ?»

ብዙ ጊዜ ተማሪዎች የመወከል ዕድል እንደሌላቸው ሲነገር እሰማለሁ፤ እኔ ግን የጎደለው ዕድሉ አይመስለኝም። ከክፍል ተወካይነት አንሥቶ በክበባት፣ በምግብ ኮሚቴና በተማሪዎች ኅብረት በኩል እስከ ሴኔት (የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ጉዳይ የሚወሰንበት ጉባኤ) ድረስ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪ ወንበር አለ፤ የመደራጀት መብትም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 ተደንግጓል። የጎደለው በወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ከመሄዱ በፊት እንዲጠይቅ፣ ከተመለሰም በኋላ እንዲናገር የሚያስገድደው ሥርዓት ነው። በድሬዳዋ የግንቦትን ቀትር የሚያውቅ ተማሪ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ስለሚመደብ የማጠቃለያ ፈተና የሚለው አያጣም፤ የፈተና ፕሮግራሙ ሲወጣ ግን ሐሳቡን የሚጠይቀው ሰው አያገኝም።

ከነበሩት ውክልናዎች ሁሉ እንደ ምግብ ኮሚቴው የሚሠራ አላየሁም፤ ምክንያቱንም ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኮሚቴው አባል ጠዋት ከመጋዘን የሚወጣውን ሲያስመዝን ይውላል፤ ማታ ደግሞ ያንኑ ሽሮ ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ይበላል። ሽሮው ቀጥኖ ከመጣ ትሪውን ይዞ የሚሸሸግበት ቦታ የለውም፤ እያንዳንዱ ምሳና እራት የሪፖርት ስብሰባ ነው። የሴኔት ወንበር የተሰጠው የኅብረቱ ተጠሪ ግን ምን እንደተናገረ የሚያውቁት አብረውት የተሰበሰቡት ብቻ ናቸው።

ስለ መመዘኛው አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ ቦታ ዕጩ ለመሆን ከፍ ያለ ነጥብ ይጠየቃል፤ ትምህርቱን የሚበድል ሰው እንዳይመረጥ መጠንቀቁ ይገባኛል። ሆኖም የማስጠንቀቂያ ውጤት የመጣበት ተማሪ ስለ ሬጂስትራር ሰልፍና ስለ ውጤት ቅሬታ የሚያውቀውን ያህል፣ ሁልጊዜ «ኤ» የሚያገኘው አያውቅም። ለሴት ተማሪዎች ደግሞ ምክትልነትን ብቻ አስቀምጦ መጠበቁ፣ ባየሁባቸው ክፍሎች ሁሉ፣ ልማድ ሆኖ ቀርቷል።

ወላጆችም ድርሻ አለን። አባቴ ሲሸኘኝ «ተማር እንጂ አትምራ» ብሎኝ ነበር። አልፈርድበትም፤ የእርሱ ትውልድ የተማሪ መሪ ሲባል የሚያስታውሰው በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. በጥይት የተገደለውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛውን፣ ከዚያም በቀይ ሽብር ያለቁትን ወጣቶች ነው። ዛሬ ግን ስለ ቤተ መጻሕፍት ሰዓት የሚናገረውን ልጅ ሁሉ በዚያ ፍርሃት «አቦ፣ ተወው» እያልን ዝም ማሰኘታችን ልክ አይመስለኝም።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይም በአካባቢያችን ያሉት፣ የክፍል ተወካይ ምርጫን ተማሪዎች እስኪተዋወቁ ቢያንስ አንድ ወር እንዲያዘገዩት፣ ዘመኑም አንድ ሴሚስተር ብቻ እንዲሆን እጠይቃለሁ። የስብሰባ አጀንዳ ቀደም ብሎ ለክፍሉ ይድረስ፤ በቃለ ጉባኤውም «ተስማምተዋል» ከመባሉ በፊት ተወካዩ ስንት ተማሪ አማክሮ እንደመጣ ይጻፍ። ፎቶ ኮፒውንና ፕሮጀክተሩን የትምህርት ክፍሉ ሠራተኞች ቢረከቡት፣ ለዚህ የሚሆን ጊዜ ይገኛል። ከሁሉም በላይ ክፍሉ ያልተስማማበትን ተወካይ በድምፅ የሚያወርድበት መንገድ ይኑር። የእኛ ቤተ መጻሕፍት ዓመቱን በሙሉ በ4 ሰዓት ሲዘጋ ከረመ፤ እኔም እስክመረቅ ድረስ ተወካይ ሆኜ ቀጠልኩ፤ ጓደኞቼ ወደውኝ ሳይሆን፣ እንዴት እንደምነሣ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የቀድሞ የክፍል ተወካይ
ከድሬዳዋ፣ ከዚራ